ኢትዮጵያን በጎነ ሦስት የለካው አንትዋን ዳባዲ

በሲያትል ከተማ ደቡባዊ ክፍል በሚገኘው የኦቴሎ ሰፈር፣ ሰማዩ በጠራ ዕለት ወደ ደቡብ ምሥራቅ አሻግሮ ለተመለከተ ሰው በረዶ የለበሰው የሬኒየር ተራራ ከአድማሱ በላይ ገዝፎ ይታየዋል። እ.አ.አ. በ2009 አገልግሎት በጀመረው የኦቴሎ ባቡር ጣቢያ ዙሪያ አማርኛ ሲነገር መስማት የተለመደ ነው። የሰፈሩ ልጆች የጎነ ሦስትን ስፋት፣ የሾጣጣንና የሉልን ይዘት በእንግሊዝኛ ይማራሉ። ከወላጆቻቸው ብዙዎቹ ያንኑ ትምህርት መሠረት፣ ቁመት፣ ስፋት፣ ይዘት እያሉ በአማርኛ ተምረውታል። ተራራው ግን ለሁለቱም ትውልድ አንድ ጥያቄ ያቀርባል፤ ጫፉ ሳይወጣ፣ ሥሩም ሳይደረስ፣ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የቆመ ተራራ ቁመቱ እንዴት ይታወቃል?

እ.አ.አ. በ1841 በቻርልስ ዊልክስ የተመራው የአሜሪካ ባሕር ኃይል የአሰሳ ጉዞ ወደዚህ አካባቢ በደረሰ ጊዜ ጥያቄውን ለመመለስ ሞክሮ ነበር። ከሜዳው ላይ ማዕዘን ለክቶ የተራራው ቁመት 12,330 ጫማ፣ ማለትም 3,758 ሜትር ያህል ነው አለ። ዛሬ የሚታወቀው ቁመት ግን 14,410 ጫማ ወይም 4,392 ሜትር ነው። ስሕተቱ ከ600 ሜትር ይበልጣል።

በዚያው ዘመን ከሲያትል እጅግ ርቆ በኢትዮጵያ ደጋ ላይ አንድ ወጣት ከተራራ ተራራ እየወጣ በዙሪያው የሚታየውን ጫፍ ሁሉ በማዕዘን ይለካ ነበር። የባሕር ኃይልም ሆነ መርከብ አልነበረውም። አስር ዓመት በመለካት፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሃያ አምስት ዓመት በማስላትና በማሳተም አሳልፏል። ስሙ አንትዋን ዳባዲ ይባላል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከደብሊን እስከ ምጽዋ

አንትዋን ዳባዲ ጥር 3 ቀን 1810 በአየርላንድ ደብሊን ከተማ ተወለደ። አባቱ ከፈረንሳይ አብዮት የሸሸ የባስክ ባላባት፣ እናቱ ደግሞ አየርላንዳዊት ነበረች። ከአምስት ዓመት በኋላ የተወለደው ታናሽ ወንድሙ አርኖ የሕይወቱ የረጅም ጊዜ የጉዞ ባልደረባ ሆነ። ልጆቹ ገና ትንንሽ ሳሉ ቤተሰቡ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰና በዚያው አደጉ። አንትዋን በወጣትነቱ ሁለት ነገሮች ሳቡት፤ አንደኛው ቋንቋ፣ ሁለተኛው የመሬትና የሰማይ ልኬት ነው። ሁለቱም እስከ ዕለተ ሞቱ አብረውት ቆዩ።

በ1836 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ የኮምፓስ መርፌ በየዕለቱ የሚያሳየውን ለውጥ እንዲያጠና ወደ ብራዚል ላከው። የተሳፈረባት መርከብ አንድ ሌላ ወጣትም ወደ ስደት ይዛ ነበር፤ እሱም በኋላ ናፖሊዮን ሦስተኛ ተብሎ የነገሠው ሉዊ ናፖሊዮን ነው። ዳባዲ ከብራዚል ሲመለስ ልቡ ወደ አፍሪካ አዘነበለ። የነጭ ዓባይን ምንጭ ፈልጎ ማግኘት በዚያ ዘመን ለአውሮፓ የመልክዓ ምድር ሊቃውንት ታላቁ ሕልም ነበር፤ የዳባዲ ወንድማማቾችም ይህን ሕልም ይዘው በየካቲት 1838 ምጽዋ ወደብ ደረሱ።

ያገኙት አገር በዘመነ መሳፍንት ውስጥ ነበር። በጎንደር ንጉሠ ነገሥት ቢኖርም ሥልጣኑ በመሳፍንቱ እጅ ነበር። ራስ ዓሊ ከደብረ ታቦር፣ ደጃዝማች ውቤ በሰሜንና በትግራይ፣ ደጃዝማች ጎሹ ደግሞ በጎጃም ይገዙ ነበር። ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ለመሻገር ፈቃድ፣ ሽምግልናና ስጦታ ያስፈልጋል። አርኖ የደጃዝማች ጎሹ ወዳጅ ሆኖ በዘመቻቸው ሳይቀር ተካፈለ፤ ያየውንም በኋላ በመጽሐፍ አስቀረ። አንትዋን ግን ከጦር ሜዳ ይልቅ የተራራውን ጫፍና የጎንደር ሊቃውንትን ጉባኤ መረጠ።

ጥማድ፣ ቁና እና የቀን መንገድ

ዳባዲ የመጣው መለኪያ ወደሌለው አገር አልነበረም። የኢትዮጵያ ገበሬ የመሬቱን ስፋት በጥማድ ይቆጥራል፤ ይህም አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ነው። መጠኑ ከቦታ ቦታ ቢለያይም ብዙ ጊዜ ወደ ሩብ ሄክታር ይጠጋል። እህሉን በቁናና በእንቅብ ይሰፍራል፤ ይህ ደግሞ የይዘት ልኬት ነው። ጨርቁን በክንድና በስንዝር፣ መንገዱን በቀን ጉዞ ይለካል። የቤተ ክህነት ሊቃውንትም በባሕረ ሐሳብ የበዓላትንና የአጽዋማትን ቀን ያሰሉ ነበር።

እነዚህ መለኪያዎች ለሚያገለግሉት ሕይወት የተስማሙ ናቸው። ጥማድ የመሬቱን ስፋት ብቻ ሳይሆን የሚጠይቀውን ድካም ጭምር ይናገራል፤ ድንጋያማ ተዳፋትና ለም ሜዳ በአንድ ቀን እኩል አይታረሱምና። ችግሩ የሚመጣው ጎንደርን ከከፋ፣ ዓድዋን ከጎጃም ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ማስቀመጥ ሲያስፈልግ ነው። የአንድ ነጋዴ የቀን መንገድ ከሌላው አይገጥምም፤ ወንዝ ሲሞላና ሽፍታ ሲበዛም መንገዱ ይረዝማል። በዚያን ጊዜ የነበሩት የአውሮፓ ካርታዎች ደግሞ በአብዛኛው የተሠሩት ከእንዲህ ያለ የመንገደኛ ወሬ ነበር።

ዳባዲ ይህን በቶሎ ተገነዘበ። ይዞት የመጣው መሣሪያ ለሥራው እንደማይበቃ ስለተረዳ ወንድሙን በኢትዮጵያ ትቶ የተሻለ መሣሪያ ለማምጣት ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ። በ1840 ምጽዋ ቢደርስም የዓይን ሕመም ለረጅም ጊዜ አሰናከለው። በዓይኑ ለሚኖር ለካኝ ይህ ከባድ ፈተና ነበር። ወደ ጎንደር ተመልሶ ሥራውን በደንብ የያዘው በ1842 ነው።

ተራራን ሳይነኩ መለካት

የሥራው መሠረት ማንኛውም ተማሪ የሚያውቀው እውነት ነው። የአንድ ጎነ ሦስት አንድ ጎንና በዚያ ጎን ጫፎች ላይ ያሉት ሁለት ማዕዘኖች ከታወቁ የቀሩት ሁለት ጎኖች በስሌት ይገኛሉ። ሁለት ኮረብታዎች መካከል ያለውን ርቀት ያወቀ ሰው ከሁለቱም ላይ ሆኖ ሦስተኛውን ጫፍ በቴዎዶላይት ቢያነጣጥር፣ ወደዚያ ጫፍ እግሩን ሳያነሣ ርቀቱን ያገኛል። የተገኘው አዲስ ጎን ለሚቀጥለው ጎነ ሦስት መሠረት ይሆናል። እንዲህ እየተያያዘ አገሩ በጎነ ሦስቶች መረብ ይሸፈናል። ስፋቱም ከዚያው ይገኛል፤ መሠረቱ 64 ኪሎ ሜትር፣ ቁመቱ 40 ኪሎ ሜትር የሆነ ጎነ ሦስት የሁለቱ ብዜት ግማሽ፣ ማለትም 1,280 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት ይይዛል።

ፈረንሳውያን ሜትርን ራሱን ያገኙት በዚህ መንገድ ነበር። ከ1792 እስከ 1798 ዴላምብርና ሜሼን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ከደንከርክ እስከ ባርሴሎና የጎነ ሦስት ሰንሰለት ዘርግተው፣ ከምድር ወገብ እስከ ሰሜን ዋልታ ያለው ርቀት አስር ሚሊዮንኛ ክፍል ሜትር እንዲባል መሠረት ሆኑ። በህንድም የእንግሊዝ መንግሥት በርካታ ባለሙያዎችና ሠራተኞች አሰልፎ ተመሳሳይ ሥራ ያካሂድ ነበር፤ ኤቨረስት የዓለም ትልቁ ተራራ መሆኑ የታወቀው ከዚህ ልኬት በተገኘ ስሌት ነው።

ሁሉም ግን አንድ ነገር ይፈልጋሉ፤ የመጀመሪያው ጎን በእጅ መለካት አለበት። ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ብዙ ኪሎ ሜትር በብረት ዘንግ ወይም በሰንሰለት እየተዘረጋ፣ በሠራተኞችና በጠባቂዎች ታጅቦ ለሳምንታት የሚሠራ ሥራ ነው። መሳፍንት በሚዋጉበት አገር መሬት ላይ ሰንሰለት የሚዘረጋ እንግዳ ርስት ሊነጥቅ ወይም ለጠላት ሊሰልል የመጣ መምሰሉ አይቀርም። ዳባዲ ይህን እንቅፋት ያለፈው የመጀመሪያውን ጎን ከምድር ሳይሆን ከሰማይ በመውሰድ ነው።

ፀሐይ ወይም ኮከብ በሰማይ መካከል ሲያልፍ ያለውን ከፍታ የለካ ሰው የቆመበትን ኬክሮስ ያውቃል። አንድ ዲግሪ ኬክሮስ በመሬት ላይ ወደ 111 ኪሎ ሜትር ይሆናል። እንግዲህ በሁለት ተራሮች መካከል ያለው የኬክሮስ ልዩነት ግማሽ ዲግሪ ቢሆን አንዱ ከሌላው 55.5 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ይርቃል ማለት ነው። ከመጀመሪያው ተራራ ላይ ሲታይ ሁለተኛው ከሰሜን አቅጣጫ 30 ዲግሪ ዘንበል ብሎ ከሆነ ደግሞ በመካከላቸው ያለው ቀጥተኛ ርቀት 64 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ሰንሰለት አልተዘረጋም፤ የማንም እርሻ አልተረገጠም። አንድ ሰው፣ አንድ መሣሪያና የጠራ ሰማይ በቂ ነበሩ። ዳባዲ ይህን ፈጣን የልኬት ዘዴ በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ሠርቶ አሳየ።

ጠፍጣፋ ወረቀት፣ ክብ ምድር

የቁመት ልኬት ግን አንድ ወጥመድ አለው። በወረቀት ላይ የሚሳለው ጎነ ሦስት ጠፍጣፋ ነው፤ ተራራው የቆመባት ምድር ግን ሉል ናት። ርቀቱ በጨመረ ቁጥር የተራራው ሥር ከምድር ክብነት በታች ይሰወራል። በ64 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ይህ ስውር ክፍል ወደ 320 ሜትር ይደርሳል። በተቃራኒው ደግሞ አየሩ ብርሃንን ስለሚያጎብጥ ተራራው ከእውነተኛው ቦታው በጥቂቱ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ይህም ከጉድለቱ አንድ ሰባተኛ ያህሉን ይመልሳል።

ከኦቴሎ ሬኒየርን የሚያይ ተማሪም ይኸው ይገጥመዋል። ተራራው 85 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ጫፉ ከአግድሙ መስመር በላይ ሁለት ዲግሪ ተኩል ያህል ከፍ ብሎ ይታያል። ተማሪው ምድርን እንደ ጠፍጣፋ ቆጥሮ ካሰላ ቁመቱ ወደ 3,900 ሜትር ይመጣለታል። የጎደለው 500 ሜትር ገደማ ከምድር ክብነት በታች የቀረው ነው። ስሌቱ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ምድር ጠፍጣፋ ናት የሚለው መነሻ ነው።

ዳባዲ ለዚህ ሲል የቁመት ማዕዘኑን በሌላ ዘዴ ያመሳክር ነበር። ውኃ የሚፈላበት ሙቀት ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ይቀንሳል፤ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይወርዳል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ባለችው ጎንደር ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። አንድ ጀበና ውኃና አንድ ትክክለኛ ቴርሞሜትር ያለው ሰው የቆመበትን ከፍታ መገመት ይችላል ማለት ነው። ማዕዘኑና ቴርሞሜትሩ ሲስማሙ ቁጥሩ ይታመናል፤ ሳይስማሙ ሲቀሩ እንደገና መለካት ነው።

የእያንዳንዱ ጫፍ ቁጥር ያለ ስሙ ዋጋ አልነበረውም። ተራሮቹን እያመለከቱ በስማቸው የጠሩለት፣ መንገድ የመሩት፣ መሣሪያውን ተሸክመው አቀበቱን የወጡት የአገሩ ሰዎች ናቸው። ዳባዲ የቦታ ስሞችን አገሬው እንደሚጠራቸው ለመመዝገብ ብርቱ ጥንቃቄ ያደርግ ነበር። የረዱት ሰዎች ስም ግን እንደ ተራሮቹ ስም በዓለም አልታወቀም።

እናርያ፣ ከፋ እና የወንዙ ስሕተት

በ1843 ዳባዲ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ደቡብ ምዕራብ ወረደ። የሊሙ እናርያ ንጉሥ አባ ባጊቦ በዘመኑ ከነበሩት የጊቤ ነገሥታት ኃያሉ ነበሩ። ንጉሡ እንግዳቸውን በክብር ቢቀበሉትም በቀላሉ አልለቀቁትም። ለንጉሡ ሙሽራ ለማምጣት ወደ ከፋ የሚሄደው መልእክት ዳባዲ የሚፈልገውን አጋጣሚ ፈጠረለት፤ አብሮ ተጉዞ ቦንጋ ደረሰ። ከዓድዋ እስከ ቦንጋ የኬክሮሱ ልዩነት ሰባት ዲግሪ ያህል ነው፤ በሰሜንና ደቡብ መስመር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። በዚያ ዘመን ከአውሮፓ የመጣ አሳሽ ያን ያህል ወደ ደቡብ አልዘለቀም ነበር።

ትልቁ ስሕተቱም የተሠራው እዚሁ ነው። የጊቤን ወንዝ አየ፤ ብዛቱንና ጉልበቱን መዘነ፤ ከነጋዴዎች የሰማውንም አገናዘበ። ከዚያ ጊቤ ተጠማዝዞ ሄዶ ነጭ ዓባይ ይሆናል ብሎ ደመደመ። በ1846 መጀመሪያ ከወንድሙ ጋር ሆኖ ወደ ጊቤ ምንጭ ተመልሶ የፈረንሳይን ሰንደቅ ዓላማ ተከለ። ሁለቱ ወንድማማቾች የሕይወታቸውን ሕልም የጨበጡ መሰላቸው።

ጊቤ ግን ወደ ዓባይ አይሄድም። ወደ ደቡብ ወርዶ ኦሞ ተብሎ ቱርካና ሐይቅ ውስጥ ይገባል። ዳባዲ የወንዙን መነሻ በዓይኑ አይቷል፤ መድረሻውን ግን አላየም። ተራሮቹን ሲለካ አንዱን ጫፍ ከተለያየ ቦታ እያነጣጠረ ያመሳክር ነበር። በወንዙ ላይ ግን አንዱን ጫፍ አይቶ ሌላውን በወሬና በተስፋ ሞላው። ለተራሮቹ ያደረገውን ጥንቃቄ ለወንዙ አላደረገም።

ክርክርና የቁጥር ዓመታት

ወንድማማቾቹ በ1848 ኢትዮጵያን ለቀው ወጡ። በ1850 የፓሪስ የመልክዓ ምድር ማኅበር ታላቁን የወርቅ ሜዳልያ ሰጣቸው። ክብሩ ግን ክርክር አስከተለ። እሱም በኢትዮጵያ የተጓዘው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ የዓባይን ምንጭ አገኘን የሚለውን አጥብቆ ተቃወመ፤ ከዚያም አልፎ ዳባዲ ከፋ መድረሱን ራሱ ተጠራጠረ። ተቃውሞውን ለማሳየት ማኅበሩ ቀደም ሲል ለእሱ የሰጠውን ሜዳልያ እስከ መመለስ ደረሰ።

ለሳይንስ ሰው ከዚህ የከበደ ክስ የለም። ስለ ወንዙ ተሳስተሃል መባል አንድ ነገር ነው፤ የሄድክበትን አልሄድክም መባል ግን ሌላ ነው። ዳባዲ ብዙ ጽሑፍ ጽፎ ራሱን ተከላክሏል። ጠንካራው መልስ ግን የማስታወሻ ደብተሮቹ ነበሩ። ከሥነ ፈለክ ሊቁ ከሮዶልፍ ራዶ ጋር እየሠራ የኢትዮጵያን የጎነ ሦስት ልኬት የያዘውን መጽሐፍ ከ1860 እስከ 1873 በየክፍሉ አሳተመ። በየትኛው ተራራ ላይ በየትኛው ቀን የትኛውን ጫፍ በስንት ማዕዘን እንዳየው፣ ስሌቱም እንዴት እንደተሠራ ለማንም ገልጦ አቀረበ። የፈለገ ሰው ቁጥሮቹን ወስዶ ራሱ ማስላት ይችላል። በፈጠራ የተጻፈ የማዕዘን ዝርዝር እርስ በርሱ ይጋጫል፤ በመቶ የሚቆጠሩ ጎነ ሦስቶችን በሐሰት ማግጠም እውነቱን ከመለካት ይከብዳል።

ከእሱ በኋላ የሄዱ ተጓዦች በመሰከሩት መሠረት ዳባዲ ባየው ነገር ታማኝ ሆኖ ተገኘ። በወንዙ ጉዳይ ግን ተሸነፈ። ስፒክ በ1858 ቪክቶሪያ ሐይቅን አየ፤ የነጭ ዓባይ ጥያቄም ወደዚያ አቀና። የኦሞ ወንዝ ወደ ቱርካና ሐይቅ መግባቱን ጣሊያናዊው ቦቴጎ ያረጋገጠው በ1896 ነው፤ ዳባዲ ከመሞቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ማለት ነው።

በ1890 ያሳተመው የኢትዮጵያ መልክዓ ምድር መጽሐፍ ርእሱ ራሱ ትምህርት ነው፤ ያየውን ተከትሎ የሚመጣ፣ የሰማውን ብቻ የሚያቀርብ መሆኑን በሽፋኑ ላይ ይናገራል። ሰማንያ ዓመት የሞላው አዛውንት ያየውንና የሰማውን ለየብቻ አስቀመጠ። ከአርባ ዓመት በፊት በጊቤ ዳር ይህን መለየት ባለመቻሉ ነበር የተሳሳተው።

ብራናዎቹና መዝገበ ቃላቱ

ዳባዲ ከኢትዮጵያ ይዞት የወጣው ቁጥር ብቻ አልነበረም። በግዢና በማስገልበጥ ከ230 በላይ የብራና መጻሕፍት ሰብስቦ ዝርዝራቸውን በ1859 አሳተመ። በቀጣዩ ዓመት በዘመኑ በግሪክኛ ሙሉው የማይገኘውን የሄርማን ኖላዊ መጽሐፍ በግእዝ አሳትሞ ለዓለም ምሁራን አስተዋወቀ። በ1881 ደግሞ የአማርኛና የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት አወጣ። መጽሐፉ እስካሁን ድረስ ለጥንቱ አማርኛ አጥኚዎች ይጠቅማል።

ብራናዎቹ ዛሬ በፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ይህ ለኢትዮጵያውያን አንባብያን ሁለት ስሜት የሚያሳድር እውነት ነው። በጥንቃቄ ተጠብቀው በመቆየታቸው ብዙ ጥናት ተሠርቶባቸዋል፤ ነገር ግን በጎንደርና በትግራይ የተጻፈውን መጽሐፍ ለማየት ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ወደ ፓሪስ መሄድ ነበረበት። አገርን መለካት ለአገሩ ዕውቀት ይጨምራል፤ ዕውቀቱ የሚቀመጥበትን ቦታ ግን ለካኙ ይወስናል።

በግንቡ ውስጥ ያለው ቀዳዳ

ዳባዲ በ1859 ቪርጂኒ ደ ሰን ቦኔን አገባ። ከ1864 ጀምሮ በስፔን ድንበር አጠገብ፣ በአንዳይ ከተማ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ በላይ ባለ ገደል ላይ ታዋቂው አርክቴክት ቪዮሌ ለ ዱክ የነደፈውን ግንብ አሠራ። በግድግዳዎቹ ላይ የኢትዮጵያን ሕይወት የሚያሳዩ ሥዕሎች ተሳሉ፤ የኢትዮጵያ ፊደላት ከሌሎች ቋንቋዎች ጽሑፎች ጋር ተቀረጹ፤ በመግቢያው ደረጃ ዘንድ መብራት የያዘ የኢትዮጵያዊ ወጣት ሐውልት ቆመ። በአንድ ወገን ጸሎት ቤት፣ በሌላው የኮከብ መመልከቻ አለ።

ከዚህ ሁሉ የሚደንቀው ግን ግንቡን ዘልቆ የሚያልፍ ቀዳዳ ነው። በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ያስቸገረው የብርሃን መጉበጥ በሽምግልናውም ስላልለቀቀው፣ በቤቱ ግድግዳዎች በኩል ላ ሪዩን የተባለውን ተራራ ጫፍ ማነጣጠሪያ አዘጋጀ። ግንቡ ስለማይንቀሳቀስ፣ የተራራው ጫፍ ከፍና ዝቅ ብሎ ቢታይ የተንቀሳቀሰው አየሩ ያጎበጠው ብርሃን ነው ብሎ ነበር። ሙከራው ያሰበውን ውጤት አልሰጠም። ዳባዲም ቀዳዳውን ደፍኖ ከመደበቅ ይልቅ፣ ምንም እንዳላየና ምንም እንዳልተማረ የሚናገር አጭር ጽሑፍ በባስክ ቋንቋ አስቀረጸበት። ውድቀቱን በድንጋይ ላይ ጽፎ ለጎብኚ ክፍት የተወ የሳይንስ ሰው ብዙ አይገኝም።

የማዕዘን ክፍፍልም አንዱ የሙግት ርእሱ ነበር። ሙሉ ክብ በ360 ዲግሪ ፋንታ በ400 እንዲከፈል አጥብቆ ይሟገት ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የክቡ ሩብ 100 ክፍል ቢሆን፣ ከምድር ወገብ እስከ ዋልታ ያለው 10,000 ኪሎ ሜትር በእኩል ተከፍሎ እያንዳንዱ ክፍል 100 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ማዕዘኑን ያነበበ ሰው ርቀቱን ወዲያው ያውቃል። ዓለም ይህን ሐሳብ አልተቀበለም፤ በኦቴሎም በአዲስ አበባም ተማሪዎች ዛሬም ክቡን በ360 ይከፍላሉ።

በእነዚህ ዓመታት ጉዞውን አላቆመም። የፀሐይ ግርዶሽ ለማየት በ1851 ወደ ኖርዌይ፣ በ1860 ወደ ስፔን ሄደ፤ በ1882 ደግሞ ቬኑስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለመከታተል ሄይቲ ድረስ ተጓዘ። የአባቱ ቋንቋ የሆነው ባስክ እንዳይጠፋ የግጥምና የባህል ውድድሮችን በገንዘቡ አዘጋጀ። የሳይንስ አካዳሚው በ1867 አባል አደረገው፤ በ1892 ደግሞ ፕሬዚዳንቱ ሆነ።

ልጅ ስላልነበረው ግንቡን ለአካዳሚው አወረሰ። ስጦታው ግን ግዴታ ነበረበት፤ በሃምሳ ዓመት ውስጥ የግማሽ ሚሊዮን ኮከቦች ቦታ ተለክቶ እንዲመዘገብ አዘዘ። መጋቢት 19 ቀን 1897 በፓሪስ አረፈ፤ አስከሬኑም በአንዳይ ግንብ ጸሎት ቤት ሥር ተቀበረ። ካህናት የሆኑ የሥነ ፈለክ ሠራተኞች ለአሥርተ ዓመታት ሌሊት ሌሊት ኮከብ መለካታቸውን ቀጠሉ።

የቀረው ልኬት

ዛሬ ተራሮች የሚለኩት በሳተላይት ነው። ቢሆንም ቁጥሮቹ አሁንም ይሻሻላሉ፤ የራስ ዳሸን ቁመት ለረጅም ጊዜ 4,620 ሜትር ሲባል ቆይቶ አሁን በአብዛኛው 4,550 ሜትር ተብሎ ይጻፋል። ሳተላይቱም ቢሆን በመሠረቱ የሚሠራው ከታወቁ ነጥቦች ያለውን ርቀት አገናኝቶ ያልታወቀውን በማግኘት ነው።

የዳባዲ ሕይወት ከቁጥሮቹ በላይ የሚያስተምረው በሁለት ስሕተቶች መካከል ያለውን ልዩነት ነው። በማዕዘን የተሠራ ስሕተት ሲገኝ ይታረማል፤ ሥራው ተመዝግቦ ተቀምጧልና። በተስፋ የተሠራው ስሕተት ግን ሰንደቅ ዓላማ ተክሎበት ሃምሳ ዓመት ሊቆይ ይችላል። በኦቴሎ ጠረጴዛ ዙሪያ የጎነ ሦስት ስፋት የሚያሰላ ልጅ ውጤቱን ብቻ ሳይሆን የሄደበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ እንዲጽፍ መምህሩ የሚጠይቀውም ለዚሁ ነው። ሥራው ከተጻፈ ሌላ ሰው ደግሞ ያሰላዋል፤ ስሕተት ካለበትም የቱ ላይ እንደሆነ ይገኛል።